የግራው ዳኛ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ችሎት አስከባሪው «ከመቀመጫችሁ ተነሡ!» ሲል ባለጉዳዩ ሁሉ ብድግ ይላል። አስከባሪው መጀመሪያ የመሃሉን ወንበር ወደ ኋላ ስቦ ጥቂት ይጠብቃል፤ ከዚያ ሰው የተቀመጠበት ይመስል ቀስ አድርጎ ወደ ጠረጴዛው ያስጠጋዋል። የቀኙንም እንደዚሁ ያደርጋል። ሁለቱም ባዶ ናቸው። ናሆም አበጋዝ፣ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው የፌዴራል ዳኛ፣ በጎን በር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የግራውን ወንበር በገዛ እጁ ስቦ ይቀመጣል። ወንበር የሚሳበው ለነባሮች ብቻ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል።

ዘመኑ 2063 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ድሬዳዋ፣ የምሥራቅ ምድብ ሦስተኛ ይግባኝ ሰሚ ችሎት። በአገሩ እንዳሉት አብዛኞቹ ችሎቶች ይህም ሁለት ነባር ዳኞችና አንድ የሚተነፍስ ዳኛ አለው። ነባር ማለት ድምፁ ከጻፋቸው ፍርዶች ተቀድቶ ወንበር ላይ የቀረ ዳኛ ነው። ሕጉ «ቢያንስ አንድ የሚተነፍስ ዳኛ» ስለሚል ነው ናሆም እዚያ የተቀመጠው። ቃሉን ማን እንዳረቀቀው አይታወቅም፤ ናሆም ግን ሰውየውን ቢያገኘው የሚለው አያጣም።

በቀኝ በኩል ያለው ነባር ዳኛ ኃይለልዑል ነው፤ ከሞተ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ከአንቀጽ ውጭ ትንፍሽ የማይል። መሃል ላይ ያለችው ሰብሳቢ ነባር ዳኛ አርሴማ ደበላ ናት። የናሆም በሽታ እሷ ናት።

ሕግ አብረው ነው የተማሩት። አብረውም ነው የተሾሙት። የሹመቱ ቀን ስም በፊደል ተራ ቢጠራ ኖሮ ናሆም ይቀድማት ነበር፤ ነገር ግን የጠሩት በውጤት ተራ ነበርና አርሴማ ቀደመች። ልዩነታቸው አንድ ፈተና የማይሞላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሌም እንደቀደመች ኖረች። ድሬዳዋ ሲመደቡ እሷ ሰብሳቢ፣ እሱ የግራ ዳኛ ሆነው አሥራ አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሃምሳ አራት ዓመቷ ስትሞት ናሆም ከልቡ አለቀሰ። በሁለተኛው ወር መሃሉ ወንበር ላይ ተመልሳ መጣች። ያን ዕለት ያፈሰሰውን እንባ መልሶ ቢወስደው ደስ ባለው ነበር።

አሁን አርሴማ በአንድ ጊዜ በአርባ አንድ ችሎት ትቀመጣለች። ጠዋት ናሆም አጠገብ ሆና ስለ ድንበር ክርክር ስትጠይቅ፣ በዚያችው ደቂቃ ጅማ ላይ ስለ ኑዛዜ፣ ሰመራ ላይ ስለ ውል እየጠየቀች ነው። አትደክምም፣ አታስልም፣ ቀጠሮ አታዛባም። የተናገረቻቸው ነገሮች ባጃጅ ላይ ተለጥፈው ይሄዳሉ። ይባስ ብሎ ባለቤቱ ቤዛ እንኳ፣ በልጃቸው ሠርግ የጥሪ ዝርዝር የተጨቃጨቁ ዕለት፣ «አርሴማ ብትሆን ሁለታችንንም ሰምታ ነበር የምትወስነው» አለችው። ናሆም ሁለት ቀን ምሳውን ቤቱ አልበላም።

ይቀናባት ነበር። ይህን ለራሱ ደብቆ አያውቅም። በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን አንድ ቀን ይሳሳታል፣ ያረጃል፣ ከወንበሩ ይወርዳል እያለ ይጽናና ነበር፤ በሞተ ሰው መቅናት ግን ማለቂያ የለውም።

ጥር ላይ ከነባር ዳኞች ጉባኤ ደብዳቤ መጣ። ናሆም ከጡረታ በኋላ ድምፁ ነባር ሆኖ እንዲቀመጥ ባለፈው ዓመት አመልክቶ ነበር። ደብዳቤውን ያመጣችለት የሬጅስትራሩ ኃላፊ ኢክራም ናት፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሠራች፣ ለማንም ቃል የማትመርጥ የድሬ ሴት። እስኪያነብ ቆማ ጠበቀችው።

«ምን አሉህ?»

«ድግግሞሽ ነህ አሉኝ።»

«ምንድነው ድግግሞሽ?»

ጮክ ብሎ አነበበላት። «የአመልካቹ ድምፅ ከነባር ዳኛ አርሴማ ደበላ ድምፅ ጋር ዘጠና ሰባት ከመቶ ይመሳሰላል። አንድን ድምፅ ሁለት ጊዜ ማስቀመጥ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። በመጨረሻው የሥራ ዘመንዎ አሥራ አምስት ከመቶ ልዩነት ካሳዩ ጥያቄዎ እንደገና ይታያል።»

ኢክራም ሻሿን አስተካከለች። «አቦ ተዋቸው! አንተ መቼ ነው እሷን የቀዳኸው? አብራችሁ አይደል እንዴ ስትሠሩ የኖራችሁት?»

«አሥራ አራት ዓመት አብሬያት ተቀምጬ የሷ ጥላ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው።»

«ጡረታህን ይዘህ ልጅህን ዳር። ከሞትክ በኋላ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው እዚህ ሙቀት ውስጥ?»

ሳቀች። ናሆም አልሳቀም። ከሰኔ በኋላ እሱ የለም፤ አርሴማ ግን አርባ አንድ ቦታ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመዝገቡ ሌላ ሐሳብ መፈለግ ያዘ።

ከባድ አልነበረም። በችሎቱ ልማድ መጀመሪያ ሰብሳቢዋ ድምፅ ትሰጣለች፤ ቀጥሎ የቀኙ፤ መጨረሻ የግራው። ስለዚህ አርሴማ ያለችውን ሰምቶ ተቃራኒውን ማለት ብቻ ነው። በአንድ የአጥር ክርክር በሐሳብ ተለያት። በአንድ የአውቶቡስ አደጋ ተለያት። ሁለቱ ነባሮች ብዙ ጊዜ ስለሚስማሙ የእሱ ልዩነት የማንንም ፍርድ አልለወጠም። ማንም አልተጎዳ፣ እያለ ቤቱ ይገባ ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ የልዩነቱን ቁጥር ያያል፦ ስድስት ከመቶ፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት። መጋቢት መጨረሻ ላይ አሥራ አራት ነጥብ ሦስት ደረሰ። አንድ መዝገብ ቀረው።

ያ መዝገብ የኢፍቱ አህመድ ሆነ።

ኢፍቱ ሃምሳ ያለፋት፣ ሳቢያን ሰፈር ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት። እህቷ ስትወልድ ሞተችና የአንድ ቀን ዕድሜ ያላትን ነኢማን አቅፋ ከሆስፒታል ወጣች። ነኢማ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። አባትየው ሙባረክ ያን ጊዜ ጅቡቲ ሄዶ ነበር፤ አሁን አግብቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ልጄን ስጡኝ ብሎ መጣ። የሥር ፍርድ ቤት ልጅቷ አክስቷ ዘንድ ትቆይ አለ። ሙባረክ ይግባኝ ጠየቀ።

«የተከበረው ችሎት፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለ ሙባረክ ቆሞ። እውነትም ክፉ አይመስልም። «ስምንት ዓመት ወደብ ላይ ክሬን የነዳሁት ለሷ ነው። ቤቱን ሠራሁ፤ ክፍሏን ቀባሁ። አሁን ክፍሉ አለ፣ ልጅ የለችበትም።»

ኢፍቱ ስትነሣ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ሳይሆን ወደ ናሆም ተመለከተች። ሰው ማየት ሲፈልግ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው፤ ፊት ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ።

«እኔ ሕግ አላውቅም፤ አማርኛም ብዙ አላውቅም» አለች። «አባቷ ነው፤ አልካድኩም። ይምጣ፣ ይያት፣ ይውደዳት። መውሰድ ግን… እንዴት ነው የሚወስዳት? ጫማዋን እንኳ በየትኛው እግር እንደምትጀምር አያውቅም።»

ከመሃሉ ወንበር የአርሴማ ድምፅ መጣ። ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ትንሽ ጎርነን ያለ ድምፅ። የጠየቀችው አክስቷ አጠገብ የቆመችውን ልጅ ነው። «ነኢማ፣ ትምህርት ቤት ማነው የሚያደርስሽ?»

«ኢፍቱ።»

«ኢፍቱ እናትሽ ናት?»

ልጅቷ ጥያቄው ሞኝነት መስሏት ፈገግ አለች። «አይ፤ ኢፍቱ ናት።»

ናሆም ነገሩ ያለቀው እዚያ ጋ እንደሆነ ገባው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አንዳንድ ነገር አይሳተውም። ልጅቷ መቆየት አለባት።

በምክክር ክፍሉ ውስጥ ናሆም ብቻውን፣ ግን ብቻውን ሳይሆን ተቀመጠ። ነባር ዳኛ አርሴማ የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ይጽና አለች። ነባር ዳኛ ኃይለልዑል ወላጅ በሕይወት እያለ ሞግዚትነት ለሌላ አይተላለፍም ብሎ አንቀጹን ጠቀሰና ውሳኔው ይሻር አለ። በዚያ ዓመት ሁለቱ ሲለያዩ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አሁን የሚወስነው የናሆም ድምፅ ነው።

«ናሆም፣ አንተስ?» አለች።

ከሷ ጋር እስማማለሁ ቢል ኢፍቱ ልጇን ይዛ ትሄዳለች፤ እሱም ሰኔ ላይ ይጠፋል። የሷ ድግግሞሽ ሆኖ። ሌላ መዝገብ ይመጣ ይሆናል፤ ላይመጣም ይችላል።

«ከነባር ዳኛ ኃይለልዑል ጋር እስማማለሁ።»

«ምክንያትህ?»

ምክንያት ሰጠ። ሕግ የተማረ ሰው ምክንያት አያጣም፤ የአባትን መብት አነሣ፣ የትምህርት ዕድልን አነሣ፣ ስለተቀባው ክፍል እንኳ ተናገረ። ሲጨርስ «በደንብ አስበህበታል?» አለችው። በሕይወት እያለችም እንዲህ ትለው ነበር። ያኔም አሁንም የዚህች ጥያቄ ትሕትና ነው አንጀቱን የሚያሳርረው።

«አስቤበታለሁ» አለ።

ፍርዱ ሚያዝያ መግቢያ ላይ በንባብ ተሰማ። በሁለት ለአንድ ድምፅ የሥር ውሳኔ ተሻረ። ኢፍቱ አልጮኸችም፤ ነኢማን ወደ ራሷ አስጠግታ የሸሚዟን ቁልፍ ትቆልፍላት ጀመር። ተቆልፎ የነበረውን ፈትታ እንደገና ትቆልፈዋለች።

ከዚያ ሰብሳቢዋ የሐሳብ ልዩነቷን አነበበች። ናሆም መጀመሪያ ላይ በግማሽ ልቡ ነበር የሚሰማው። ወደ መጨረሻው ስትደርስ እንዲህ አለች፦

«ሕግ፣ ልጅ የማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ልጅ ግን ሲወድቅ ማንን ጠርቶ እንደሚያለቅስ ያውቃል። ይህ ችሎት የሚያምነው ለቅሶውን ነው።»

ናሆም ቀና ብሎ ወደ ባዶው የመሃል ወንበር ዞረ።

ያን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ2043፣ በዝግ ችሎት በታየና ታትሞ በማያውቅ አንድ የሞግዚትነት መዝገብ ላይ የጻፈው እሱ ነው። የጻፈበትን ሳምንት ያስታውሳል። ትንሿ ልጁ ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ እያለ፣ እየጮኸች የጠራችው ጎረቤታቸውን ፋጡማን ነበር። ናሆም በዚያች ጎረቤት በጣም ቀና። ሥራ ገብቶ ያን ቅናት ይዞ ተቀመጠና በማግሥቱ ረቂቁን ለአርሴማ ሰጣት። አንብባ አንድ ነጠላ ሰረዝ አወጣችና «ይሄ ጥሩ ነው» ብላ ፈረመች።

አሠራራቸው እንደዚያ ነበር። መዝገቡን ያኔ በሕይወት ከነበረው ሦስተኛ ዳኛ ጋር ለሦስት ይከፋፈሉታል፤ እያንዳንዱ የደረሰውን ይጽፋል፤ ሦስቱም ይፈርማሉ፤ የሰብሳቢዋ ስም ከላይ ይሆናል። ሦስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ስንት ጎረሰ ተብሎ እንደማይቆጠር፣ ማን የቱን እንደጻፈ አስታውሶ የያዘ አልነበረም። የኋላ ኋላ ጉባኤው የአርሴማን ድምፅ ሊያስቀምጥ ሲነሣ ስሟ ከላይ ያለበትን ፍርድ ሁሉ ሰብስቦ የሷ ነው አለ። ናሆም ስድስት ዓመት የቀናበት ድምፅ ውስጥ የራሱ ድምፅ ነበረበት።

እየሮጠ ወደ ኢክራም ወረደ ማለት ይቻላል።

«የድሮ መዝገቦቹ አሉ? ወረቀቶቹ?»

«ምድር ቤት ናቸው። ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ረቂቆቹን ከመዝገቡ ጀርባ ፖስታ ውስጥ እናስቀምጥ አልነበር?»

«አርሴማ ናት ያንን ያስጀመረችው» አለች ኢክራም። «አንድ ቀን ይጠቅማል እያለች።»

አንድ ሳምንት ሙሉ አቧራ ለብሰው ፈለጉ። የናሆም የእጅ ጽሑፍ ከመቶ አርባ በላይ በሆኑ መዝገቦች ጀርባ ተገኘ። ባጃጅ ላይ ከሚለጠፉት ነገሮች ሦስቱ የእሱ ነበሩ፤ ናሆም እንደ ልጅ ዘለለ። በጣም ታዋቂዋ ግን በአርሴማ እጅ የተጻፈች ሆና ተገኘች። ያቺንም የእኔ ናት ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበርና ከመቶ አርባው ደስታ ይልቅ የዚያች አንዷ ቅሬታ በለጠችበት።

ረቂቆቹን አያይዞ ለጉባኤው አቤት አለ። ድምፁ የኔ ነው፤ ስሜ ይግባበት፤ በአርባ አንዱም ችሎት ይጠራ። ያን ሰሞን እንቅልፉ ጥሩ ነበር። የነኢማ ነገር አልፎ አልፎ ይመጣበታል፤ ልጅቷ ከአባቷ ጋር በባቡር ጅቡቲ ገብታለች። ጉዳዩ ወደ ሰበር ችሎትም አይሄድም፤ የሕግ ስህተት የለበትም። ናሆም ራሱ ነው አሳምሮ የጻፈው።

የጉባኤው መልስ ግንቦት ማብቂያ ላይ ደረሰ። ኢክራም ከፍታ አንብባው ኖሮ እንደ ሌላው ጊዜ ቆማ አልጠበቀችም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ወጣች።

«የቀረቡት ረቂቆች በአቤቱታ አቅራቢው እጅ መጻፋቸው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ አቤቱታ አቅራቢው በያዝነው ዓመት በተለያዩ መዝገቦች፣ በተለይም በሕፃን ነኢማ ሙባረክ ጉዳይ፣ የሰጡት ድምፅ ከረቂቆቹ ሐሳብ ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ረቂቆቹን ያሰቡት ነባር ዳኛ አርሴማ ደበላ እንደሆኑና አቤቱታ አቅራቢው ቃላቸውን ተቀብለው እንደጻፉ ጉባኤው ገምቷል።»

ከሥሩ ሌላ አንቀጽ ነበረ።

«በሌላ በኩል የአቤቱታ አቅራቢው ልዩነት አሥራ አምስት ነጥብ አንድ ከመቶ በመድረሱ ድምፃቸው በነባርነት እንዲቀመጥ ተወስኗል። መነሻ የሚሆኑት ልዩነት ያሳዩባቸው መዝገቦች ናቸው። የመጀመሪያ ምድባቸው የሕፃናት ጉዳይ ችሎት ሲሆን፣ በፈቃደኝነት መቀበያው ላይ እንዲፈርሙ እንጠይቃለን።»

ናሆም የመቀበያ ቅጹን ሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ አቆየው። ነባሩ ናሆም እሱ ያላመነበትን ነገር ሁሉ የሚያምን፣ ስለ ተቀባ ክፍል የሚናገር ናሆም ነው። ለዘላለም አርሴማን እየተቃወመ፣ ለዘላለም ልጆችን ከእቅፍ እያወጣ ይኖራል። ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ሐዋሳም ጎንደርም ላይ ወንበር ሲሳብለት ታየው። ብጠፋስ ምን ይለወጣል፣ አለ ለራሱ፤ በኔ ቦታ የሚቀመጠውም ስህተት ይሠራ የለም ወይ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ፈረመ።

በዚያው ቀን ከምሳ በፊት ኢክራም ደወለች። «ኢፍቱ እዚህ ናት። የነኢማ አክስት። ግልባጭ ሰጥቻታለሁ፤ የሚያነብላት ትፈልጋለች። እኔ መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ።» መነጽሯ ዘወትር አንገቷ ላይ እንደሚንጠለጠል ናሆም ያውቃል። ቢሆንም ወረደ።

ኢፍቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ስታየው አልተነሣችም፤ ጥላቻም አላሳየችም። የደከማት ሴት ናት።

«የፍርዱን አይደለም የምፈልገው» አለችው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይባልም፤ እሷም አላለችውም። «አንተ የፈረድከውን አውቀዋለሁ። የሴትየዋን ነው። ያቺ የመሃሏን። ለነኢማ አስቀምጥላታለሁ። ስታድግ ታነበዋለች። አንድ ሰው እንደተረዳን ትወቅ።»

«የቱ ጋ ላንብብልሽ?»

«ስለ ለቅሶው የሚለውን። ያን ዕለት ስሰማው… እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። እቤቴ ገብታ ያየችኝ ነው የመሰለኝ።»

ናሆም እኔ ነኝ ሊላት ፈለገ። ያቺን የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ልጄ ወድቃ ሌላ ሰው የጠራች ዕለት ነው፤ እሷ አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው ያወጣችው። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ሴትየዋ ግን ወረቀቱን ወደ እሱ ዘርግታ ትጠብቃለች፤ ያቺን ልጅ ከእቅፏ ያወጣትም እሱ ነው። ወረቀቱን ተቀበላት።

«ሕግ፣ ልጅ የማን ነው ብሎ ይጠይቃል» ብሎ ጀመረ። «ልጅ ግን ሲወድቅ ማንን ጠርቶ እንደሚያለቅስ ያውቃል። ይህ ችሎት የሚያምነው ለቅሶውን ነው።»

ኢፍቱ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው። ሲጨርስ ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ በጥንቃቄ አራት ቦታ አጠፈችው።

«አመሰግናለሁ» አለች እየተነሣች። «እሷ ስትለው ግን ሌላ ነበር። አንተ ስታነበው የሌላ ሰው ነገር ይመስላል።»